መኪናው ገባባት

ባለፈው ሰሞን ያረጀ ኮት ለሰው ልሰጥ ኪሱን ስፈትሽ ጣቴ ስስ ነገር ነካ። ሳወጣው ጠርዙ የተበላ ሰማያዊ የልብስ ሰፊ ጠመኔ ነው። ዞር ዞር ብዬ ማንም እንደማያየኝ አረጋገጥኩና በምላሴ ጫፍ ነካ አደረግኩት። ዝናብ ያራሰው የኖራ ግድግዳ ሽታ ጣዕም ቢኖረው ይህን ይመስላል። ወዲያው ቀኝ ጆሮዬ ነቃ። ምንም አልነበረም፤ እኔ ግን እንደ ድሮው ትንፋሼን ይዤ አደመጥኩ።

ልንገርህ። የአባቴ ሱቅ መኪና ግርግር በሚባል መንገድ ላይ ነበር። መንገዱን ካላየኸው፣ በግንብ በተከበበው አሮጌ ከተማ ውስጥ ከፈረስ መጋላ ወደ ጊደር መጋላ ገበያ የሚወርድ ጠባብ መተላለፊያ ነው። ስሙን ያገኘው ግራና ቀኝ በራቸው ላይ ተደርድረው ከሚሰፉት ሰፊዎች የስፌት መኪና ጫጫታ ነው። ፀሐይ እዚያ የምትገባው አናት ላይ ስትደርስ ብቻ ስለሆነ፣ የቀረውን ብርሃን የምናገኘው ከፊት ለፊቱ ነጭ ግድግዳ ነበር። የመኪና ዘይትና ያልታጠበ አዲስ ጨርቅ ይሸታል፤ ነፋስ ከታች ሲነሳ ደግሞ የገበያው በርበሬ ይመጣና ሁላችንንም ያስነጥሰናል። ድምፁን ግን ልገልጽልህ አልችልም። እዚያ የሚውል ሰው አይሰማውም፤ የሚያውቀው ሲቆም ነው።

የአሥረኛ ክፍል ፈተና የጨረስኩ ጊዜ አባቴ ሁለተኛው መኪና ላይ አስቀመጠኝ። ሴት ልጅ በራፍ ላይ ተቀምጣ መኪና ስትረግጥ ያኔ በእኛ መንገድ አልታየም ነበር።

“ሴት ልጅ ቤቷ ትስፋ እንጂ” አለው አንዱ ባለ ሱቅ።

“መኪናውን የሚረግጠው እግር ነው” አለ አባቴ ቀና ሳይል። “ፂም የሚረግጠው መኪና ስታገኝ ጥራኝ።”

በጣም የሳቁት አጠገባችን የሚሰፉት ሽማግሌ ናቸው። ከመንገዱ ሰፊዎች ሁሉ አንጋፋው እሳቸው ነበሩ። የመነጽራቸው አንዱ ክንድ በክር የታሰረ ነበር፤ እኔም እንደ ሁሉም “አባባ” እላቸው ነበር።

በዚያ መንገድ አንድ ልማድ ነበር። ለማጅ ሰፊ አንድ ቀን ሥራ ጨርሶ ቤቱ ገብቶም የመኪናውን ድምፅ መስማት ይጀምራል። ያኔ “መኪናው ገባበት” ይባላል። ሰፊዎቹ መኪናቸውን አቁመው ያጨበጭቡለታል፤ ሀልዋ የሚባለው ጣፋጭ ይመጣል፤ አንጋፋው የግራ ጣቱ ላይ ነጭ ክር ያስርለታል። ከዚያ ወዲያ ለማጅ አይባልም። ድምፁ ራሱ ምስክር ወረቀት ነው።

እኔ ደግሞ የቸኮልኩ ነበርኩ። ምንም ነገር እስኪደርስልኝ የመጠበቅ አመል የለኝም፤ ዛሬም የለኝም። ስለዚህ አንድ ጠዋት ቀኝ ጆሮዬ ውስጥ ሹ… ሹ… ሹ… የሚል ድምፅ ሰምቼ ስነቃ አልፈራሁም። ዘልዬ ተነሳሁ። ሱቅ ስደርስ መጀመሪያ የነገርኩት ለአባባ ነው።

“ቤት ሆኜም ይሰማኛል” አልኳቸው።

“ወላሂ?”

“ወላሂ!” አልኩ እኔ የክርስቲያን ልጅ፣ ደስታው አሳስቶኝ።

እጃቸውን አነሱ። ድምፁ ከሱቅ ሱቅ እየተቆረጠ ወርዶ ሙሉ መንገዱ ጸጥ አለ። “ማሻአላህ! መኪናው ገባባት!” ጭብጨባው ከላይ እስከ ታች ተቀባበለ። ሴት ልጅ ቤቷ ትስፋ ያለው ባለ ሱቅ ሳይቀር ሀልዋ አጎረሰኝ። ክሩን ሲያስሩልኝ የአባባ ጣቶች የዘይት ሽታ ነበራቸው። አባቴ ጥጉ ጋ ቆሞ፣ መቀሱን በሁለት እጁ ይዞ ይስቅ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የኮራብኝ ጊዜ የለም። ያጨበጨቡት ለበሽታዬ መሆኑን ማን ያውቃል?

እናቴ ነገሩን ስትሰማ ግን ፊቷ ጠቆረ። “በስመ አብ! መንገድ ሙሉ ሰው አጨብጭቦባት? ዓይን ነው የገባባት፣ መኪና ነው የምትለኝ አንተ ሰውዬ?” ብላ አባቴን ወረደችበት። ለሳምንቱ ጸበል ልትወስደኝ ቀጠረች።

ክሩ ጣቴ ላይ እያለ ነው ፍርሃቱ የጀመረው። አባባ ሄደሽ ክርና ቁልፍ አምጪ ብለው ጊደር መጋላ ልከውኝ ዳገቱን ስመለስ መሀል ላይ ደከመኝ። ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ድምፁ ጆሮዬ ውስጥ ይሮጣል፤ ሹሹሹሹ። ቆሜ ስተነፍስ ቀስ እያለ መጣ። መራመድ ስጀምር እንደገና ፈጠነ። እዚያው እንደቆምኩ አንድ ሐሳብ መጣብኝ፤ መኪና የሚፈጥነው ሲረገጥ ነው። ይኼንን የሚረግጠው ማን ነው?

ከዚያ ወዲያ እንቅልፌ ቀረ፤ ቀኑም ቀን መሆኑ ቀረ። እጀታ እየገጠምኩ አደምጣለሁ። ሰው ሲያናግረኝ በሱ መሀል አደምጣለሁ። አንድ ከሰዓት አንገቴን ሳክክ ጣቴ ከጆሮዬ በታች ጫን አለና ድምፁ ድንገት ቆመ። ደነገጥኩ። ጣቴን አነሳሁ፤ ተመለሰ። ጫንኩ፤ ቆመ። የገዛ አንገቴ ውስጥ ማብሪያ ማጥፊያ አገኘሁ ማለት ነው። መጀመሪያ አሳቀኝ። ቀጥሎ፣ አጥፍቼው ተመልሶ ባይበራስ? አልኩ። እጆቼን ጭኖቼ ሥር ቀብሬ ተቀመጥኩ። ዳግመኛ አንገቴን ለመንካት አልደፈርኩም፤ ስታጠብ እንኳ በዚያ በኩል ውሃ ብቻ አፈስስበት ነበር።

በዚያው ሰሞን ጠመኔ መብላት ጀምሬ ነበር። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ጥርሴ ይፈልገዋል። ጥጉን ቆርጠም አድርጌ አፌ ውስጥ አሟሟዋለሁ። አባቴ ጨርቅ ሊያሰምር ሲፈልግ ያጣዋል። “እዚህ ቤት ጠመኔ የሚበላ አይጥ አለ” ይላል፤ እኔም ከሱ ጋር አይጡን እፈልጋለሁ።

ለማን ልንገር? ለእናቴ ብነግራት ሱቅ መዋሌ ያበቃል። ለአባባ ብነግራቸው ክሩ ከጣቴ ይፈታል፤ ጭብጨባው ውሸት ነበር ማለት ነው። በመጨረሻ የምሳ ሰዓት ላይ መንገዱ ትንሽ ሲረጋ ለአባቴ ነገርኩት።

“አባዬ፣ ይኼ ነገር መኪና አይመስለኝም። ስሮጥ ይሮጣል።”

እጁ ጨርቁ ላይ ቆመ።

“እስቲ ስማው” አልኩት።

ጎንበስ ብሎ ጆሮውን አንገቴ ላይ አደረገ። ያልተላጨው ጉንጩ ወጋኝ። ብዙ ቆየ። ቀና ሲል ዓይኔን አላየኝም። “እኔ የሚሰማኝ የራሴ ነው” አለ። “ያንቺን ከሱ መለየት አልቻልኩም።”

ያኔ ትርጉም አልሰጠሁትም። የመኪና ድምፅ ጆሮው ውስጥ የሌለ ሰፊ በመንገዱ ላይ የለማ።

“ሐኪም ቤት እንሂድ?” አልኩት።

“ይቆይ።”

“ለምን?”

“ሐኪም ስም ያወጣለታል” አለ። “ስም የወጣለት ነገር ደግሞ ከቤት አይወጣም።”

አባቴ ፈሪ ሰው አልነበረም። ስለዚህ እሱ ሲፈራ ሳይ የኔ ፍርሃት እጥፍ ሆነ። ጸበሉን ሄድኩ፤ ቀዝቃዛው ውሃ አናቴ ላይ ሲወርድ ድምፁ ጭራሽ ባሰበት። አባባ ሁኔታዬን አይተው “አብሽሪ የኔ ልጅ፣ አዲስ መኪና ይጮሃል፣ ሲቆይ ይላላል” ይሉኝ ነበር። ሁሉም ሰው መልስ ነበረው። እኔ ድምፅ ብቻ ነበረኝ።

ነገሩን የቆረጡልን ከሶፊ ገጠር የሚመጡ አንዲት ገበሬ ሴት ናቸው። ለአረፋ ቀሚስ ሊያሰፉ መጥተው ልካቸውን ስወስድ አገጬን በእጃቸው ይዘው ወደ ብርሃኑ አዞሩት። የታችኛውን ከንፈሬን ገለጥ አድርገው አዩ፤ ፈረስ የሚገዙ ነበር የሚመስሉት።

“አንተ ሰፊ፣ ይቺ ልጅህ ናት?”

“አዎ እናቴ።”

“ታዲያ ምነው እንደ ጨርቅህ ነጣች?”

“ድምፅ ይሰማኛል ትላለች። ያልፋል ብለን ነው።”

ሴትዮዋ ልክ መስጠቱን ተዉት። ሻሻቸውን አስተካክለው ሲናገሩ ድምፃቸው ከፍ አላለም። “እኔም ያልፋል ብዬ አንዷን ቀብሬአለሁ። ቀሚሱ ይቅርብኝ፣ ልጅቷን ውሰዳት።”

አባቴ መቀሱን አስቀመጠ። በዚያው ሰዓት ሱቁን ለአባባ አደራ ብሎ፣ በባጃጅ ከግንቡ ውጭ ወዳለው አዲሱ ከተማ ወሰደኝ።

ሐኪሟ ወጣት ነበረች፤ የደከማት ትመስል ነበር። ማዳመጫውን ደረቴ ላይ አድርጋ ሰማች፤ ከዚያ ያልጠበቅኩትን አደረገች፤ አንገቴ ላይ፣ እኔ ወደማልነካው ቦታ አሳረፈችው። ዓይኗን ጨፈነች።

“ይኸው፣ ይሰማኛል” አለች።

ማልቀስ ጀመርኩ። ምን እንደሆነ እንኳ አልጠየቅኩም። ሌላ ሰው ስለሰማው ብቻ ነው ያለቀስኩት።

“አፈር ትበያለሽ?”

“አልበላም።”

“ጠመኔስ?”

አባቴ ወደኔ ዞረ። “አይጡ!” አለ።

ለጥቂት ጊዜ እሱን ወደ ውጭ ልካ፣ አባት ፊት የማይመለስ ጥያቄ ጠየቀችኝ። ደም ተመረመርኩ። ውጤቱ ሲመጣ አባቴን ጠርታ ለሁለታችንም አስረዳችን። “ደሟ ቀጥኗል። ወንዝ አላያችሁም? ጥልቅ ሲሆን ዝም ይላል፣ ሲቀጥን ይጮሃል። የምትሰማው የራሷን ደም ነው፣ በአንገቷ ሥር ሲሮጥ። ክኒኑን በደንብ ከወሰደች ይቆማል።”

“የመኪና መስሎን ነበር” አለ አባቴ።

“ሰፊ ነዎት?” አለች። “መኪና ጆሮ ውስጥ የሚተወው ሲው የሚል ነው፤ አያቋርጥም፣ ምትም የለውም። ሹ ሹ እያለ የሚመታ፣ ሲሮጡ የሚሮጥ ከሆነ ከመኪና አይደለም፤ ከልብ ጋር ነው የሚሄደው።”

አባቴ ቀጥሎ ስለኔ የሚጠይቅ መስሎኝ ነበር። “ሰውየው በዕድሜ ገፋ ያለ ከሆነስ?” አለ።

“ያማ ፈጥኖ መታየት አለበት። የአንገት የደም ሥር ጠቦ ሊሆን ይችላል፤ አደጋ አለው።”

“እሺ ዶክተር” አለ፤ የመድኃኒቱን ወረቀት አጥፎ አጥፎ ትንሽ አደረገው።

በባጃጁ ስንመለስ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። እንደማልሞት አውቄያለሁ። ይህን ልነግረው ዞር ስል አባቴ በመስኮቱ በኩል ውጭ ውጭውን እያየ፣ ሌባ ጣቱን ከግራ ጆሮው በታች ጫን አድርጎ ነበር። ያነሳል፣ ይጫናል። ያነሳል፣ ይጫናል። ያ ነገር ምን እንደሆነ ከኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

“አባዬ፣ አንተም አለህ?”

ጣቱን አወረደ። “አረፋ ይለፍ” አለኝ። “የሰው ልብስ ይዤ አልተኛም። ለእናትሽ እንዳትነግሪ።”

ያን ጊዜ ገባኝ። የኔ መኪና ካልሆነ የሱም መኪና አይደለም። ስም እንዳይወጣለት የፈራው ነገር የኔ ብቻ አልነበረም።

ከዚያ የመጡት ቀናት፣ ከሕይወቴ አውጥቼ ብጥላቸው ከምመርጣቸው ናቸው። ክኒኑን መዋጥ ጀመርኩ፤ ሆዴን ያመኝ ነበር። ድምፁ ቀስ በቀስ ሳሳ፤ አንድ ጠዋት ስነቃ ጨርሶ የለም። አባባ ሲሰሙ “ያ አላህ! መኪናው ወጣባት? በይ ሀልዋችንን መልሺ!” ብለው መንገዱን ሁሉ አሳቁት። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። የራሴ ጆሮ ሲጸዳ የሱን መጠበቅ ጀመረ። መርገጫውን ሲረግጥ አደምጣለሁ፤ ሲያቆም ለምን አቆመ እላለሁ፤ ሳይቆም ሲቆይ መቼ ሊያርፍ ነው እላለሁ። አረፋ እየቀረበ የጨርቁ ክምር ከትከሻው በላይ ወጣ። አንድ ቀን መርፌና ክር ይዞ ወደኔ ዘረጋልኝ።

“ክሩን አስገቢልኝ።”

“መነጽርህስ?”

“አድርጌዋለሁ። አንዱ ዓይኔ ጭጋግ ገባበት።” ክሩን አስገብቼ ስመልስለት “አሁን ለቀቀኝ” አለ፤ ምንም እንዳልተፈጠረ መስፋቱን ቀጠለ። እኔ ወደ ጓዳው ገብቼ ጨርቅ አፌ ላይ ይዤ ቆምኩ።

“ዛሬ እንሂድ” አልኩት ተመልሼ።

“አረፋ ይለፍ አልኩሽ።”

“ካላለፈስ?”

“አረፋ ሁልጊዜ ያልፋል” አለ።

አረፋ ደረሰ። ጠዋት አላሁ አክበር የሚለው የተክቢራው ድምፅ ከከተማው ሁሉ ተነስቶ እኛ ሰፈር ድረስ መጣ። ልጆች እኛ የሰፋናቸውን ልብሶች ለብሰው በደጃችን አለፉ። አባቴ ቁርሱን ሳይበላ ወጣ። እናቴ “ዛሬ ደግሞ ሱቅ ምን አለው?” ስትል እኔ ነጠላዬን ይዤ ተከተልኩት።

መኪና ግርግርን እንደዚያ አይቼው አላውቅም። በሩ ሁሉ ተዘግቷል፤ መኪናዎቹ ገብተዋል። የእግሬን ኮቴ ሰማሁ። የአባቴ በር ብቻ ገርበብ ብሎ ነበር። ውስጥ መኪናው ፊት ተቀምጧል፤ እግሩ መርገጫው ላይ አልነበረም፤ ሁለት እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ነበር።

“ሁሉም ቆሟል አይደል?” አለኝ ሳይዞር።

“አዎ፣ አባዬ።”

“ማንም አይሰፋም?”

“ማንም።”

“እስቲ ነይ አድምጪ።”

ተንበረከክሁና ጆሮዬን ከግራ ጆሮው ሥር አደረግኩ። ሳሙና ሸተተኝ፤ ለበዓሉ ተላጭቶ ነበር። መጀመሪያ የሰማሁት የራሴን ትንፋሽ ነው። ትንፋሼን ያዝኩ። ከዚያ መጣ፤ ሹ… ሹ… ሹ…፤ ከኔው ጋር የሚመሳሰል ግን የወፈረ፣ ሸካራ ጨርቅ ላይ እጅ የሚያሻሽ ሰው ያለ ይመስል። ሳይቸኩል ይመላለስ ነበር። ጣቴን ላሳርፍበት ፈለግኩ፤ አልደፈርኩም።

“ይሰማሻል?”

ራሴን ነቀነቅኩ፤ አንገቱ ላይ ስለሆንኩ ታወቀው። ከዚያ ጉልበቱን ይዞ ተነሳ። ኮቱን ደረበ፤ ያን አሁን ለሰው ልሰጥ የነበረውን ኮት። ሱቁን ሳይቆልፍ ነው የወጣነው።

ያን ቀን ያየው ሌላ ሐኪም ነው፤ ጠና ያለ፣ የበዓሉ ተረኛ። ክኒን ጻፈለት፤ ወደ አዲስ አበባም ላከው፤ ሄዶ ታይቶ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ጥቂት ዓመታት አብሮን ኖረ። ሞቱ የመጣው እንደዚያ እንደፈራሁት መኪና ላይ ሳይሆን አልጋው ላይ ነው፤ እናቴ እጁን ይዛ። ፈጥነን ብንሄድ ኖሮ ይረዝም ነበር ወይ ብዬ የጠየቅኳቸው ሐኪሞች የተለያየ መልስ ሰጥተውኛል። አሁን መጠየቁን ትቻለሁ።

ግን ከዚያ የተረኛ ክፍል ይዤው የወጣሁት ነገር አለ። ሐኪሙ የማዳመጫውን ጫፍ ከአባቴ አንገት አንስቶ፣ ከራሱ ጆሮ ሳያወጣው አባቴን አየው። በጣም ተቆጥቶ ነበር።

“ከመቼ ጀምሮ ነው የሚሰማዎት?”

አባቴ በጥፋቱ እንደተያዘ ተማሪ መሬት መሬት አየ። “ይቺ ሕፃን ሆና በአንገቴ ላይ ሳስተኛት ነበረ።”

“ይኼን ያህል ዘመን! ታዲያ ምነው ዝም አሉ?”

አባቴ እኔ መኖሬን የረሳ ይመስላል። ወይም ደግሞ አልረሳም።

“ድምፁን እየሰማች ነበር የምትተኛው” አለ።